ሕክምናው ካለቀ በኋላ ልብ ሲፈጥን

ታላቅ እኅቴ የምትኖረው አሜሪካ፣ ዋሽንግተን አካባቢ ነው። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የተባለ ሕመም ለዓመታት አስቸግሯታል። የልብ የላይኛው ክፍሎች በሥርዓት መምታት ትተው የሚርገበገቡበት ሕመም ነው።

ባለፈው ዓመት ደረቷ ሳይከፈት ታከመች። ካቴተር የተባለ ቀጭን ቱቦ ከብሽሽት በደም ሥር ወደ ልብ ገብቶ፣ ምቱን የሚያዛባውን ቦታ በሙቀት ወይም በቅዝቃዜ ያጠባሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 ፈረንሳዊው ሐኪም ሚሼል አይሳጌርና ባልደረቦቹ በቦርዶ ከተማ እንዳሳዩት፣ የሁከቱ መነሻ አብዛኛውን ጊዜ ከሳንባ ወደ ልብ የሚመለሱት ደም ሥሮች ናቸው።

በሦስተኛው ሳምንት ደወለችልኝ። «እንደገና ጀመረኝ፤ ድካሜ ሁሉ ውኃ በላው» አለች። እናታችንም ይህን ስትሰማ፣ «መድኃኒቱ ነው የጎዳት፤ ትተወው» አለች። መድኃኒቱ ደም እንዳይረጋ የሚሰጣት ነበር። «እትዬ፣ ሐኪምሽን ሳትጠይቂ አንዲት ክኒን እንዳትተዪ» አልኳት።

ሐኪሟ ጉዳዩን አስረዳት። ቁስሉ እስኪሽር ልብ ይቆጣል። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ወራት ምት ቢዛባ ሕክምናው ከሽፏል ማለት አይደለም፤ ብዙዎች በኋላ ይረጋጋሉ። በአንዳንዶች ግን ጠባሳው ሌላ ዓይነት ፈጣን ምት ያስከትላል፤ መድኃኒት፣ የኤሌክትሪክ ንዝረት ወይም ሁለተኛ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል። ደም ማቅጠኛው ቢያንስ ለሦስት ወር አይቋረጥም። ከዚያም በኋላ የሚወሰነው በተሰማን ደኅንነት ሳይሆን በዕድሜ፣ በደም ግፊት፣ በስኳር በሽታና በመሳሰሉት ነው። እኅቴ ምቷ ቢረጋጋም፣ የደም ግፊት ስላለባት እስከ ዛሬ ትወስደዋለች።

እኅቶቼ፣ ብዙዎቻችን በውጭ አገር የሚታከም ዘመድ አለን። በስልክ የምንሰጠው ምክር ሊያድንም ሊጎዳም ይችላል። ምቱ የተዛባበትን ቀንና ሰዓት፣ የቆየበትንም ጊዜ ጽፎ ለሐኪሙ እንዲያሳይ እንንገረው። ራሱን ከሳተ፣ ደረቱን አጥብቆ ካመመው፣ ትንፋሽ ካጠረው፣ ፊቱ ከተጣመመ፣ እጁ ከዛለ ወይም አንደበቱ ከተሳሰረ ግን ማስታወሻ መጻፊያ ጊዜ የለም፤ በፍጥነት ሐኪም ቤት ይሂድ። ከሳምንታት በኋላም ቢሆን ትኩሳት ወይም የመዋጥ ችግር ከመጣ፣ የልብ ሕክምና እንደተደረገለት አስቀድሞ ይናገር። ልብ እስኪሽር ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ ትዕግሥት ማለት ግን የአደጋን ምልክት ችሎ መቀመጥ አይደለም።