አሶሳ ላይ ማተሚያ ቤት ለምትከፍተው ልጄ

የትኛውን ማሽን ልግዛ ከማለትሽ በፊት አንድ ነገር አስቢ፤ ከልጅ ወደ ልጅ የሚሻገር ማተሚያ ቤት ፈላጊው በየዓመቱ የሚተካ ሥራ የያዘ ነው። የተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋን ማተሚያ ቤት ተመልከቺ። ስሙን በየመንደሩ ያደረሰው ሀሁ በሰባት በሰባት የተደረደረበት፣ ልጅ በስንጥር እየጠቆመ የሚያነበንበው የፊደል ገበታ ነው። ገበታው ሲቀደድ ሌላ ይገዛል፤ ታናሽየው ሲደርስ ደግሞ ሌላ። ዳዊቱም ውዳሴ ማርያሙም እንዲሁ። ትልልቅ ድርጅቶች በ1967 በመንግሥት አዋጅ ሲወረሱ ሥራ መምረጥ ማንን አዳነ ትይኝ ይሆናል። እውነትሽን ነው፣ አዋጅ የሚመልስ ዘዴ የለኝም፤ ምክሬ አዋጅ ለሌለበት ቀን ነው፣ እርሱም ብዙ ነው።

ባነርና የሠርግ ካርድ የዕለት እንጀራሽ ናቸው፤ አትናቂያቸው። ነገር ግን ባነር የሚያሠራሽ ቢሮ በጀት ሲዘጋ ይጠፋል። አሶሳ ላይ ከዚህ የሚዘልቅ ሥራ አለ፤ በርታኛ፣ ጉሙዝኛና ሽናሽኛ በላቲን ፊደል እየተጻፉ ትምህርት ይሰጥባቸዋል፣ በየመስከረሙም አዲስ ልጅ ፊደል ይጀምራል። የመማሪያ መጽሐፍ በጨረታ ለትልልቆቹ ይሄዳል፣ አትፎካከሪ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ገበታና ስስ የተረት መጽሐፍ ግን ወላጅ ከኪሱ ይገዛዋል። በገበታው ፈንታ ስልክ አለ የሚሉሽ ይኖራሉ፤ ስልኩ የአባት ነው፣ አባት ሲወጣ አብሮ ይወጣል። ይልቅ እኔን የሚያሰጋኝ የገበያው ማነስ ነው። ሦስት ቋንቋ ማለት ሦስት ትንሽ ገበያ ነው፤ ወረቀቱ ከውጭ ስለሚመጣም በሐምሌ 2016 ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዋጋው አይያዝም። ስለዚህ በትንሽ በትንሹ አትሚ፣ መጋዘን አትሙዪ፤ አርታዒ ይሆኑሽ ዘንድም ቋንቋውን አፋቸውን የፈቱበትን መምህራን ከፍለሽ ያዢ። በተሳሳተ ፊደል የወጣ ገበታ ሁለተኛ አይገዛም።

ውርሱን ደግሞ ከአሁኑ አስቢበት። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጆች እኩል ይወርሳሉ፤ መልካም ሕግ ነው፣ ማሽን ግን ለአራት አይቆረስም። በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 የወጣው የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ይፈቅዳል። በዚያ መንገድ ብትመዘገቢ ልጆችሽ የሚካፈሉት ድርሻ ይሆናል፣ ማሽኑም ሥራውን አያቋርጥም። ጠበቃ ሳታማክሪ ግን እንዳትፈርሚ።

አባትሽ