ዝግ እሑድ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በበርሊን የምግብ መደብሮች ሰልፉ ይረዝማል። ወጣቱ አሜሪካዊም ባዶ ጠርሙሶቹን በከረጢት ተሸክሞ ይሰለፋል፤ ለአንዱ የፕላስቲክ ጠርሙስ 25 የዩሮ ሳንቲም መያዣ ይመለስለታልና። ዳቦውንና ወተቱን ዛሬ ካልገዛ ነገ መደብሩ አይከፈትም።

በመጀመሪያው እሑድ ይህን አላወቀም ነበር። በአገሩ እሑድም ሱቅ ክፍት ነውና እንቁላል ሊገዛ ወጥቶ መንገዱን ሁሉ ዝግ አገኘው። ተመልሶ ግድግዳውን መብሳት ቢጀምር ጎረቤቱ አሮጊት በሩን አንኳኩ፤ «ዛሬ እሑድ ነው» ብለውት ሄዱ። ከተማዋ እስር ቤት መሰለችው። አይፈረድበትም፤ የራበው ሰው ሕገ መንግሥት አያነብም።

የእሑድ ዕረፍት ግን እ.ኤ.አ. በ1919 በቫይማር ሕገ መንግሥት ሠፍሮ ዛሬም በጀርመን መሠረታዊ ሕግ የጸና ነው። የቅዳሜው ደግሞ የትግል ፍሬ ነው፤ በ1956 የሠራተኛ ማኅበራት የአምስት ቀን የሥራ ሳምንት ሲጠይቁ በፖስተራቸው ላይ የታየው፣ አባቱ ቅዳሜ የእርሱ እንዲሆን የሚሻ ሕፃን ነበር።

ወጣቱ ነገሩ የገባው በሌላ መንገድ ነው። አንድ እሑድ በላንድቬር ቦይ ዳር ሲንሸራሸር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሒሳቡን የምትቀበለውን ሴት አየ፤ ልጇን ብስክሌት ታለማምዳለች። ያለ ደንብ ልብሷ ሊለያት ተቸግሮ ነበር። ስትስቅ አይቷት አያውቅም።

እናቱ ትዝ አሉት። እርሳቸውም በኦሃዮ የመደብር ገንዘብ ተቀባይ ናቸው።

ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ስልክ ደወለ፤ በዚያ ገና ቀትር ነው። ደጋግሞ ጠራ። የሚያነሣው አልነበረም፤ እናቱ ሥራ ላይ ነበሩ።