ስምንት ሰከንድ

መስከረም 2 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ የአዲስ ዓመት ማግስት፣ እህቴ ቤት ነበርኩ። ያደረ ዶሮ ወጥ ከትኩሱ ይበልጣል ከሚሉት ወገን ስለሆንኩ በዓል ሲሆን በማግስቱ መሄድ እመርጣለሁ። በልተን ቡናው ሲቀርብ የእህቴ ልጅ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ ጥግ ይዞ ተቀመጠ።

«ምን እያየህ ነው?»

«ብስክሌት ነው ጋሼ።»

«ባለፈው ስመጣም ይሄንኑ ስታይ አልነበር እንዴ? እስካሁን አላለቀም?»

«ሦስት ሳምንት ነው እኮ የሚፈጀው!»

ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ሰው ስለ ብስክሌት ምን አገባው ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያው ብዬ ቡናዬን ልጠጣ ነበር። ነገር ግን ልጁ «ዛሬ ቤት ውስጥ ጠብ አለ» ሲለኝ ወንበሬን ሳብኩ። የቤት ውስጥ ጠብ ካለማ የኔም ሙያ ነው።

ውድድሩ የስፔን ዙር ነበር፤ ቩዌልታ ይሉታል። በየቀኑ አሸናፊ አለ፤ የሁሉም ቀን ሰዓት ተደምሮ ያነሰው ደግሞ ቀይ ማሊያ ይለብሳል። አንድ ቡድን ስምንት ሰው ያሰልፋል። እንደኔ ያላወቀ ሰው ስምንቱም ለማሸነፍ የሚሮጡ ይመስለዋል። አይደለም። አንዱ ወይም ሁለቱ ጌቶች ናቸው፤ የቀሩት ከኋላ መኪና ውኃ ተሸክመው ያመጣሉ፣ ጌታው ጎማው ሲፈነዳ የራሳቸውን ይሰጣሉ፣ ከሁሉም በላይ ከፊቱ ሆነው ነፋሱን ይሰብሩለታል። ከሰው ጀርባ ተጠግቶ የሚጋልብ ጉልበቱን ያተርፋል። ያ ያተረፈው ጉልበት ተራራው ሲመጣ የማሸነፊያ ስንቅ ይሆነዋል። ከፊት የነበረው ደክሞት ወደ ኋላ ሲቀር ካሜራው እንኳ ዞር ብሎ አያየውም። ለዚህ ሰው የወጣለት ስም «ዶሜስቲክ» ነው፤ በፈረንሳይኛ አሽከር ማለት ነው። የቱር ደ ፍራንስ መሥራች ኦንሪ ደግራንዥ እ.ኤ.አ. በ1911 አንዱን ተወዳዳሪ ለመስደብ የተጠቀመበት ቃል ነበር። ስድቡ የሥራ መደብ ስም ሆኖ ቀረ።

በዚያ ዓመት ዩምቦ ቪስማ የሚባለው የኔዘርላንድ ቡድን የጣሊያንን ዙር በስሎቬንያዊው ፕሪሞዥ ሮግሊች፣ ቱር ደ ፍራንስን በዴንማርካዊው ዮናስ ቪንገጎር አሸንፎ ነበር። በሁለቱም ውድድሮች ተራራው ላይ ነፋስ ሲሰብር የከረመው ሴፕ ከስ የሚባል አሜሪካዊ ነው። ስፔን ላይ ሦስቱም አብረው ተሰለፉ። ከስ በስድስተኛው ቀን ቀድመው ካመለጡት ጋር ሄዶ አሸነፈ፤ በስምንተኛው ቀን ቀዩን ማሊያ ለበሰ። ማንም ከቁም ነገር የቆጠረው አይመስለኝም። አሽከር የጌታውን ካባ ለብሶ በግቢው ውስጥ ቢንጎራደድ ይሳቅለታል እንጂ ማን ይቆጣዋል? ማሊያው ግን በየቀኑ እሱው ላይ እያደረ አስራ ሰባተኛው ቀን ደረሰ። ይህም እኔ ቡናዬን ይዤ የተቀመጥኩበት ቀን ነው።

አንግሊሩ የሚባለውን ተራራ እግዜር ለብስክሌት ብሎ አልፈጠረውም። አቀበቱ በአንዳንድ ቦታ ከመቶ 23 ይበልጣል። ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲቀር ከፊት ሦስቱ የአንድ ቤት ልጆች ብቻ ቀሩ። ከዚያ ሮግሊች ፍጥነቱን ጨመረ። ቪንገጎር ተከተለው። ባለ ቀይ ማሊያው ቀረ።

«ምን እያደረጉ ነው?» አልኩት።

«ይሄው ነዋ ጋሼ! ጥለውት ሄዱ!»

ጠላት ባልነበረበት ሜዳ የገዛ ባልደረቦቹ ናቸው ትተውት የወጡት። ከስን ያተረፈው የሌላ ቡድን ሰው ነው፤ ሚኬል ላንዳ የሚባል የባስክ አገር ልጅ። ከስ ከላንዳ ጀርባ ተለጥፎ ወጣ፤ ከሁለቱ በ19 ሰከንድ ዘግይቶ ሦስተኛ ገባ። ሂሳቡ ሲሠራ በቪንገጎር ላይ የቀረው ብልጫ 8 ሰከንድ ሆነ። ላንዳ ማን እንደሆነ ኋላ ላይ ሳነብ ነገሩ የባሰ ገረመኝ። እ.ኤ.አ. በ2017 ቱር ደ ፍራንስ ላይ ለክሪስ ፍሩም ሲያገለግል ከርሞ ሦስተኛነትን በ1 ሰከንድ ያጣ ሰው ነው።

እኔ በዚያች ቅጽበት «ከሃዲዎች!» ብዬ ጮኬያለሁ፤ እህቴ ከጓዳ ወጥታ እስክታየን ድረስ። ልጁ ግን ረጋ ብሎ ተከራከረኝ። «ጠንካራው ያሸንፍ ቢባል ምን ክፋት አለው? ከስ እኮ ከኋላ የቀረው ስለደከመ ነው።» እውነቱን ነው። የቡድን መሪ ብሆን ምን እል ነበር? ሁለቱን በሬዲዮ «ቁሙ» ብላቸው በእግራቸው ያላቸውን መንጠቅ ነው። «ሂዱ» ብላቸው ለሁለቱ ሲለፋ የከረመውን ሰው መርገጥ ነው። ዝም ብል ደግሞ ዝምታዬም ውሳኔ ነው፤ ምናልባትም ከሁሉ የከፋው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን። አንበሳው ከታሰረ በኋላ ቆዳው ለማን እንደሚደርስ ግን ተረታችን አልነገረንም።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 ግሬግ ለሞንድ ከቡድኑ መሪ ከበርናር ኢኖ ቀድሞ ተራራ ላይ ሳለ አብሮት ካመለጠው ተቀናቃኝ ጋር ተባብሮ እንዳይጋልብ ታዘዘ። ኢኖ የቀረበትን ርቀት አሳንሰው እንደነገሩት ኋላ ደጋግሞ ተናግሯል። ቱሩን በ1 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ ተሸነፈ። ኢኖ «በሚቀጥለው ዓመት እኔ አግዝሃለሁ» አለው፤ ዓመቱ ሲደርስ እየቀደመ አጠቃው። ለሞንድ እንደምንም አሸነፈ።

እኔን ያልለቀቀኝ ግን ሬኔ ቪየቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 የሃያ ዓመት ልጅ ነበር፤ በተራራ የሚደርስበት አልነበረም። በፒሬኔ ቁልቁለት የቡድኑ መሪ አንቶናን ማኝ ጎማ ሲበላሽ የፊት ጎማውን ፈትቶ ሰጠውና ምትክ እስኪመጣለት የድንጋይ አጥር ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ፎቶግራፉ አለ። በማግስቱ ማኝ እንደገና ሲቸገር ቪየቶ የወረደውን መንገድ ተመልሶ ወጥቶ ብስክሌቱን ሰጠው። ማኝ አሸነፈ። ቪየቶ አምስተኛ ወጣ፤ ቱርንም ዕድሜ ልኩን ሳያሸንፍ ቀረ።

ፎቶውን ያሳየኝ የእህቴ ልጅ ነው። አየሁትና ዝም አልኩ። አጥሩ ላይ የተቀመጠውን ሰው የማውቀው መሰለኝ።

በ1994 ዓ.ም. ለልቦለድ ትምህርት የሚሆን ሞጁል እንዳዘጋጅ ተመድቤ ነበር። አንድ ረዳት መምህር እንዲያግዘኝ ተሰጠኝ። መጀመሪያ ምሳሌ ይሰበስብ ነበር፤ ከዚያ ማስታወሻ መጻፍ ጀመረ፤ በመጨረሻ መካከለኛዎቹን ምዕራፎች እሱ ጽፎ እኔ ቃላት አስተካከልኩ። እርማቱን ማተሚያ ቤት ያመላለሰው እሱ ነው፤ በታክሲ፣ በራሱ ገንዘብ። ሞጁሉ ሲወጣ ሽፋኑ ላይ ያለው ስም የኔ ብቻ ነበር። እሱን በመግቢያው «ላደረገልኝ ትብብር» ብዬ አመሰገንኩት። በዚያ ሞጁል ረዳት ፕሮፌሰር ሆንኩ። እሱ ምንም አላለም። ያንን ዝምታ ስምምነት ነው ብዬ ስተረጉመው ኖሬያለሁ፤ ጽሑፍ መተርጎም ሥራዬ ነበርና።

ስፔን ላይ የሆነው ሌላ ነው። ከአንግሊሩ በኋላ ብዙ ሰው ጮኸ፤ ቡድኑም ተሰብስቦ ውድድሩ ለከስ እንዲሆን ወሰነ። ሮግሊች የራሱ ሐሳብ እንዳለው አልደበቀም፤ ሆኖም ውሳኔውን አከበረ። በዓመቱ መጨረሻ ቡድኑን ለቆ ሄደ። ቪንገጎርና ሮግሊች ከማግስቱ ጀምሮ ለከስ ነፋስ ሰበሩለት። በሃያኛው ቀን ሦስቱ ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው መስመሩን አለፉ፤ በመጨረሻም ከስ በ17 ሰከንድ አሸነፈ። አንዳንዶች የተሰጠ ድል ነው ብለው ያጣጥሉታል። በሁለቱ ድል ውስጥስ የከስ ስጦታ ስንት ሰከንድ ነበር? እሱን የሚቆጥር ሰዓት የለም።

ያን ምሽት ቤቴ ገብቼ ደወልኩ። እንኳን አደረሰህ ማለት ጥሩ ማመካኛ ነው። ስለ ልጆች፣ ስለ ኑሮ ውድነት አወራን። ከዚያ እንደምንም ብዬ፣

«ያን ሞጁል ታስታውሰዋለህ?» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለና ሳቀ። «ምነው፣ ትብብሬን አመስግነህ የለ እንዴ?»

ሳቁ ምን ዓይነት እንደሆነ በስልክ መለየት አልቻልኩም። «እሑድ ና፣ ቡና እንጠጣ» አለኝ። ሄድኩ። ሞጁሉን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦት ጠበቀኝ። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል። ገለጥኩት። ከገጽ 47 እስከ ገጽ 112 ድረስ፣ በእያንዳንዱ ገጽ ጠርዝ ላይ፣ በእርሳስ የተሳለች ቀጭን መስመር አለች። ሚስቱ ቡናውን ይዛ ስትገባ ብድግ ብሎ ከእጄ ተቀበለኝና ወደ መደርደሪያው መለሰው። «ስኳር ስንት ነው የምታደርገው?» አለኝ።