«አልቋል» የሚል ማሽን

አባቴ ትቶልኝ ያለፈው አውቶማቲክ የሸክላ ማጫወቻ ላፍቶ በሚገኘው ቤቴ ሳሎን ተቀምጧል። ሸክላው ሲያልቅ ክንዱን ራሱ አንሥቶ ይመልሳል። ሰሞኑን ግን ዘፈኑ ሳይጋመስ «አልቋል» ብሎ መወሰን ጀመረ። (ይህን ጠባይ ከማን እንደ ተማረ አንባቢ ይገምት።)

ፈትቼ አየሁት። ማሽኑ የሸክላውን ማብቂያ የሚያውቀው ክንዱ ወደ መካከል በፍጥነት ሲገባ ነው፤ ከሥሩ ያለው ቅባት ግን በዘመን ብዛት ደርቆ እንደ ሙጫ ስለ ያዘው ዝግታውንም እንደ ፍጥነት ይቆጥረው ኖሯል። በአልኮል ጠርጌ ጥቂት ዘይት ጠብ አደረግሁበት።

መሞከሪያዬ የአምሃ ሪከርድስ ሸክላ ነበር። ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ በተሰጠበት ዘመን፣ አምሃ እሸቴ ክልከላውን ጥሶ በ1969 (እ.ኤ.አ.) ማሳተም ጀመረ፤ በ1975 አገር ጥሎ እስኪወጣም ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎች አወጣ። አባቴ በሰዓት እላፊው ዘመን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ጆሮውን አስጠግቶ ይህንኑ ሸክላ ሲሰማ አስታውሳለሁ። የድምፁ ማነስ ለእኛ ለልጆቹ የማሽኑ ብልሽት ይመስለን ነበር።

የፊቱ ገጽ እስከ መጨረሻው ዘለቀ። ገለበጥሁት፤ ከመካከሉ ተመለሰ። ነገ እንደገና እፈታዋለሁ።