አገር ስጠኝ፤ የፎገራ ሜዳ እንቆቅልሽ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ ከመኪናው መስኮት ሆኖ የሚያየው ሜዳ፥ ከብትና የሩዝ ማሳ ነው። አንባቢ ሆይ፥ አንተ ግን በዚህ በኩል ስታልፍ ዓይንህን ብቻ ሳይሆን ጆሮህንም አዘጋጅ፤ የዚህ አገር ስሞች ይጫወታሉና።

እንቆቅልህ! «ከሳምንቱ ቀኖች አምስተኛው፥ ከተማ ሆኖ መንገድ ዳር ተቀመጠ።» ይህ ቀላል ነው፤ ሐሙሲት ነው። ጥቂት አለፍ ስትል ድልድይ ታገኛለህ። «በራብዕ ቢጨርሱት ወንዝ፥ በኃምስ ቢጨርሱት አውሬ።» ፊደል በቆጠርክበት ዘመን የተማርከውን አስታውስ፤ ጉማራና ጉማሬ! ወንዙ ወደ ጣና ይገባል፤ ጣናም ጉማሬ አያጣም።

ከባሕር ዳር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀህ ደግሞ ይህን ትጠየቃለህ፤ «ለጠፋበት ዕዳ፥ ላገኘ ደስታ፥ ለመንገደኛ ምሳ።» መልሱ ወረታ ነው። የጠፋ ዕቃ ላገኘ ሰው የሚከፈለው ወረታ ይባላልና። ከተማይቱ ስሟን ያገኘችው ከዚህ ነው ማለቴ ግን አይደለም። የስም ጨዋታ ሌላ፥ የስም ታሪክ ሌላ ነው፤ ሁለቱን ማደባለቅ የብዙ አዋቂዎቻችን የቆየ በሽታ ነው።

ከወረታ መንገዱ ይከፈላል። በሰሜን በኩል «በሳድስ ወንዝ፥ በካዕብ ከአራት አንድ እጅ» የሆነው ርብ፥ ከዚያም «ቢያነቡት ጋዜጣ፥ ቢገቡበት ከተማ» የሆነው አዲስ ዘመን አለ። ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው መንገድ ላይ «መዝጊያ የሌለው፥ ዓለም የሚያልፍበት» ዓለም በርን ታገኛለህ።

ይህን ሁሉ የማነሣው ስለ አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ልነግርህ ነው። በሚያዝያ 1992 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የሳተላይት አቅጣጫ መጠቆሚያውን ለሕዝብ ጥርት አድርጎ በለቀቀ ማግስት፥ ዴቭ አልመር የተባለ ሰው በኦሪገን ጫካ ውስጥ አንድ ባልዲ ደብቆ የቦታውን ቁጥር ለሌሎች አስታወቀ። ያገኘው ሰው በመዝገቡ ላይ ስሙን ይጽፋል፤ ከዕቃው አንድ ወስዶ አንድ ይተካል። ከዚያ ወዲህ ጨዋታው በዓለም ተሰራጨ፤ አንዳንዱ ደባቂም ቁጥሩን በእንቆቅልሽ ይሸፍነዋል። እኔም ጂኦግራፊ ለማስተምራቸው ልጆች አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ደብተርና እርሳስ ጨምሬ ደበቅሁ። ቁጥር ግን አልሰጠኋቸውም፤ ከላይ ያነበብካቸውን እንቆቅልሾችና አንድ መጨረሻ ብቻ ሰጠኋቸው።

ፎገራ ላይ ዕቃ መደበቅ እንዲህ ቀላል አይምሰልህ። ሜዳው ልሙጥ ነው፤ በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ይፈሱበታል። የ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ ስንቱን ቤት እንዳፈናቀለ እዚህ ያልሰማ የለም። ስለዚህ ከፍ ያለ ቦታና ታማኝ ጠባቂ መፈለግ ነበረብኝ።

የኛ ጨዋታ ከአልመር ባልዲ የሚበልጥበት አንድ ነገር አለው። የተጠየቀው ሰው መልሱ ሲጠፋው «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ ጠያቂውም የተሰጠውን አገር ተቀብሎ፥ እዚያ ያገኘውን ድሎት እየዘረዘረ ተሸናፊውን ይሰድበዋል። አባቶቻችን ለጂኦግራፊ ትምህርት ከዚህ የተሻለ ቅጣት ሊያስቡ አይችሉም ነበር፤ ስሙን የማታውቀውን አገር መስጠት አትችልማ።

የመጨረሻው እንቆቅልሽ ይህ ነበር፤ «ሜዳው ስሙን ሰጣት፥ እሷም ወተቷን ሰጠችው፤ ስሙ ቀረላት፥ ሜዳው ጠበባት።» ልጆቹ ሁለት ቀን ተንከራተቱ። አንዱ ጉማራ ናት አለ፤ ሌላው ወደ ሩዝ ምርምር ማእከሉ ሮጠ። መልሱ የፎገራ ላም ነበረች፤ ይኸች በወተቷ የታወቀች የሜዳው ዘር። ሩዝ በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በኩል ገብቶ፥ ውሃ የሚተኛበትን መሬት ሁሉ ወሰደ። ለገበሬው ገንዘብ አመጣለት፤ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎም እንጀራ ሆነ። ግጦሹ ግን አነሰ፤ ንጹሑ የፎገራ ዘርም ከሌላ ከብት ጋር እየተዳቀለ ተመናመነ። ተማሪዎቼ በሩዝ መካከል ያደጉ ናቸውና ላሚቱ በሐሳባቸው አልመጣችም።

በሦስተኛው ቀን ከብቶቻቸውን በዋርካ ጥላ ያሳረፉ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ደረሱና «አባባ፥ ይህ ምንድን ነው?» ብለው አነበቡላቸው። ሽማግሌው ገና ሳይጨርሱት ሣቁ።

«አላወቃችሁትም? እንግዲያው አገር ስጡኝ» አሉ።

አንዱ ልጅ ፈጠን ብሎ «ፎገራን ሰጥተነዎታል» አለ።

«የቱን ፎገራ ነው ልጄ? የሣሩን ነው የሩዙን?»

ልጁ ዙሪያውን ተመለከተና «የሣሩን» አለ።

«እሱማ ዱሮም የኔ ነበር» አሉና፥ በበትራቸው ከዋርካው ግንድ ሥር ያለውን ቆርቆሮ አሳዩአቸው።

ደብተሩ ዛሬም እዚያው አለ፤ ገና ብዙ ባዶ ገጽ ይቀረዋል። ስትመጣ እርሳስ ያዝ፤ ጥቅምት ሳይገባ ግን አትምጣ፤ ጭቃው አያሳልፍህም።