ከኮን እስከ ዴልሂ፦ የአንዲት ሕፃን ሕይወት በማን እጅ ነው?

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይላል ያገራችን ሰው። ይህን ተረት በአዲስ አበባ አደባባዮች የሕሙማን ፎቶግራፍ ከተለጠፈባቸው መኪናዎች በድምፅ ማጉያ አዘውትረን እንሰማዋለን። ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ስለዚሁ ሎሚ ነው። ጌጡን ላወድስ ብቻ ግን አይደለም። ሃምሳው ሰው ሎሚውን ሲከፋፈል፣ ሸክሙ በመጀመሪያ በአንድ ቤተሰብ ጫንቃ ላይ ለምን እንደ ወደቀ መጠየቅ አለበት ብዬ ስለማምን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮን በሰሜን ወሎ የዋድላ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከወልድያ ወደ ወረታ በሚወስደው ጎዳና ላይ ያለች የደጋ ከተማ። ዋድላ በቅኔ ቤቱ አገር ያወቀው ነው። ከዚያው አካባቢ አንድ ገበሬና ባለቤቱ የአምስት ወር ሴት ልጃቸውን አቅፈው አዲስ አበባ መጡ። የሕፃኗ ዓይንና ቆዳ ቢጫ ሆኗል፤ ሆዷ ተነፍቷል። ሐኪሞቹ የሰጡት ቃል አጭር ነበር፦ ጉበት ካልተተካላት አትድንም። የአካባቢው ተወላጆች የእርዳታ ኮሚቴ ስናቋቁም የሒሳብ ያዥነቱ ሥራ ለእኔ ደረሰኝ። የቤተሰቡን ስም አልጠራም፤ ስማቸው የእነርሱ ነው፤ ጉዳዩ ግን የሁላችንም ነው።

በሽታው ሐሞት ከጉበት ወደ አንጀት የሚወርድበት ቱቦ መደፈን ነው። ሐሞቱ መውጫ ሲያጣ ጉበቱን ራሱን ይጎዳዋል፤ ጉበቱም እየጠጠረ ይሄዳል። ሞሪዮ ካሳይ የተባሉ ጃፓናዊ ሐኪም (ስማቸው የእኛን ካሣዬ ይመስላል) እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አንድ ቀዶ ሕክምና ፈለሰፉ፤ የተደፈነውን ቱቦ አውጥቶ አንጀቱን በቀጥታ ከጉበቱ ጋር ማገናኘት ነው። ይህ ሕክምና ይበልጥ የሚሠምረው ሕፃኑ 60 ቀን ሳይሞላው ሲደረግ ነው። ከሠመረ ንቅለ ተከላውን ለዓመታት ያዘገያል፤ አንዳንዴም ጨርሶ ያስቀራል። የእኛዋ ሕፃን አዲስ አበባ ስትደርስ ይህ በር ተዘግቶ ነበር።

ለመሆኑ ማን ዘጋው? እናቲቱ በሁለተኛው ወር ልጇን ይዛ ወደ አንድ ጤና ተቋም ሄዳ ነበር። «የአራስ ልጅ ቢጫነት ነው፤ ፀሐይ አሙቂያት» ተብላ ተመለሰች። የብዙ አራሶች ቢጫነት በራሱ ጊዜ የሚጠፋ ስለሆነ ምክሩ ለብዙ ሕፃናት ይሠራል፤ ለእርሷ ግን አልሠራም። ቢጫነቱ ከሁለት ሳምንት አልፎ ሲቆይና የሕፃኑ ዓይነ ምድር እንደ ነጭ አፈር ሲገረጣ ጉዳዩ ሌላ ነው። ታይዋን እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ለእናቶች የዓይነ ምድር ቀለም ማነጻጸሪያ ካርድ ትሰጣለች። አንዲት ቁራጭ ካርድ ናት፤ ከዚያ በላይ አይደለችም።

በእኛ ዘንድ በኦርቶዶክሳውያን ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ትጠመቃለች። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የ60 ቀኑ ቀጠሮ ሴት ልጅ ክርስትና ሳትነሣ ያልፋል። አራስነት ደግሞ ልጅ ከዓይን የሚሸሸግበት ወቅት ነው። ሆኖም ከዚህ ቀጠሮ በፊት አንድ ቀን ከመንግሥት ጋር እንገናኛለን፤ በ45ኛው ቀን ክትባት። የጤና ባለሙያዋ በዚያ ቀን ከመርፌው በፊት «የካካዋ ቀለም እንዴት ነው?» ብላ ብትጠይቅና ካርዷን ብታሳይ፣ ስንት ቤተሰብ ከዴልሂ መንገድ ይድን ነበር!

አሁን የቀረው ይኸው የዴልሂ መንገድ ነው። ሕንድ የመጀመሪያውን የተሳካ የሕፃን ጉበት ንቅለ ተከላ ያደረገችው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1998 ዴልሂ ውስጥ ነበር። ልጁ በዚሁ በሽታ የተያዘ ነበር፤ ጉበቱን የሰጠው አባቱ ነው። ያ ሕፃን ዛሬ ራሱ ሐኪም ሆኗል። ይህን ታሪክ ለኮኑ አባት ስነግረው ዝም ብሎ ቆየና «እኔ የምሰጠውስ ይበቃታል?» አለኝ። ይበቃታል። ከአዋቂ ጉበት ላይ የሚወሰደው ትንሽ ክፍል ለሕፃን በቂ ነው፤ የሰጪው ጉበት ደግሞ በወራት ውስጥ መልሶ ያድጋል።

ገንዘቡስ? የተነገረን ወጪ 25 ሺህ ዶላር ነው። አንድ ዶላር በ57 ብር ገደማ ይመነዘር በነበረበት ጊዜ ይህ 1 ሚሊዮን 425 ሺህ ብር ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ ዶላር 120 ብር ሲያልፍ፣ ያው ሕክምና 3 ሚሊዮን ብር ሆነ። የፖሊሲውን ክርክር ለባለሙያዎቹ እተወዋለሁ። እኔ የምመሰክረው የሕፃናት ጉበት በዶላር እንደሚተመን ነው።

ቤተሰቡ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮውን በየዓመቱ ከፍሏል። መድኑ ግን ንቅለ ተከላንም ሆነ የውጭ አገር ሕክምናን አይሸፍንም። በደኅናው ቀን የመድን አባል የነበረው ገበሬ በክፉው ቀን ለማኝ ሆነ ማለት ነው።

ስለ መለመን ካነሣሁ ፎቶግራፉን ልንገራችሁ። የሕፃኗን ምስል እንለጥፍ ወይስ አንለጥፍ ብለን በኮሚቴው ክፉኛ ተከራከርን። እኔ እንዳይለጠፍ ከሚሉት ወገን ነበርኩ። እናቲቱ ግን «ጋሼ፣ ሰው ቢያያት ምን አለ? እኔ የምፈራው ሰው ሳያያት እንዳትቀር ነው» አለችኝ። ልጇን ከዓይን ስትሸሽግ የከረመች እናት ናት ይህን ያለችው። ምስሉ ተለጠፈ፤ ምርጫው የእርሷ ነበርና። ይህን ለመምረጥ መገደዷ ግን የሁላችንም ኀፍረት ነው። ፎቶዋ ያላማረ፣ በአሜሪካ ጎፈንድሚ የሚከፍትላት ዘመድ የሌላት ሕፃንስ ማን ይድረስላት? ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል ግጭቱ መንገዱን ሲዘጋ፣ ኢንተርኔቱም ለወራት ሲቋረጥ፣ ስንቷ ሳትታይ ቀርታ ይሆን?

ደግሞም እርዳታ ገንዘብ ብቻ አይደለም። አባትየው ጉበቱን ከሰጠ በኋላ ለሳምንታት ሞፈር አይጨብጥም። ታላላቆቿ ሁለት ልጆች ከአያታቸው ጋር ቀርተዋል። የኮን ጎረቤቶች ገብሱን በደቦ አጭደው፣ ወቅተው፣ ጎተራ አስገብተውላቸዋል። ከእኔ መዝገብ ያልሰፈረው ትልቁ ልገሳ ይህ ነው። ሕፃኗ ድና ብትመለስም ሰውነቷ አዲሱን ጉበት እንዳይገፋው የሚያደርገውን መድኃኒት ዕድሜዋን ሙሉ ትወስዳለች፤ ደሟም በየጊዜው ይመረመራል። ስለዚህ ለጋሾች ሆይ፣ መዋጯችን በመልስ ትኬት አያበቃም።

«ደሃ አገር ምን ታድርግ?» የሚሉኝ አይጠፉም። በ2008 ዓ.ም. መባቻ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የመጀመሪያውን የኩላሊት ንቅለ ተከላ አድርጓል። ከዚያ ቀደም ብሎ ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ግቢ የልብ ማዕከል እስከ ማስከፈት ደርሷል። የማይቻል የተባለው ተችሏል ማለት ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 መንግሥት ለሕዝብ ጤና በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ያዛል። የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ በ45ኛው ቀን ክትባት ላይ አንዲት ካርድ፤ እንዲህ ላለው ከባድ ሕመም በግልጽ መስፈርት የሚሠራ ብሔራዊ ፈንድ፤ ከንቅለ ተከላ በኋላ ለሚወሰደው መድኃኒት የመድን ሽፋን።

እስከዚያው ሎሚያችንን እንከፋፈል። ይህን እስከምጽፍበት ቀን ድረስ የሚያስፈልገው ገንዘብ ከግማሽ ጥቂት አልፏል፤ አባትየውም ምርመራውን አልፎ የቀዶ ሕክምናውን ቀን ይጠባበቃል። የጎደለው ጊዜ እንጂ የሚሰጥ አካል አይደለም።

ቸር ያሰማን።