አቋራጭ ቁልፍ

ጭሮ ሁለት ስም ያላት ከተማ ናት። በዕድሜ የገፉት ዛሬም «አሰበ ተፈሪ» ይሏታል፤ በወረቀት ላይ ግን ጭሮ ናት፣ የምዕራብ ሐረርጌ ዞን መቀመጫ። ጽሕፈቷም እንደ ስሟ ሁለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1991 ወዲህ አፋን ኦሮሞ የሚጻፈው በላቲን ፊደላት በቆመው ቁቤ ነውና፣ ለዞንና ለወረዳ መሥሪያ ቤቶች የሚቀርበው ማመልከቻ በእርሱ ይተየባል። ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የሚሄደው ደግሞ በአማርኛ። እኔም ከገለምሶ፣ ከበዴሳ፣ ከሒርናና ከሚኤሶ የሚመጣውን ባለጉዳይ እየሰማሁ፣ በአንድ ኮምፒውተርና በአንድ የቁልፍ ሰሌዳ ሁለቱንም እጽፋለሁ። እንጀራዬ ይኸው ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከአንዲት ቁልፍ ነው። የላቲኗ «ሲ» በቁቤ «ጭ» ናት። ድምፅን ተከትሎ በተሠራው የአማርኛ ሰሌዳዬ ግን «ች» ትሆናለች። ስለዚህ ጣት ቁቤ የሚጽፍ መስሎት የከተማዋን ስም ቢተይብ፣ ገጹ ላይ «ቺሮ» የምትባል ማንም የማያውቃት አገር ትወጣለች። «ኤክስ»ም እንዲሁ ናት፤ በአንዱ «ጥ»፣ በሌላው «ሽ»። ዓይን ወረቀት ላይ፣ ጆሮ ባለጉዳዩ ላይ ባሉበት ሰዓት፣ በየትኛው ቋንቋ ውስጥ እንዳለሁ የሚነግረኝ የለም።

ብዙ ሰው «አልት»ንና «ሺፍት»ን አንድ ላይ ተጭኖ ቋንቋ ይቀያይራል። እኔ ግን ለእያንዳንዱ ቋንቋ የራሱን ቁልፍ ሰጠሁት፤ ዊንዶውስ ይህን ይፈቅዳል። «ኮንትሮል»ና «ሺፍት» ከ1 ጋር አማርኛ፣ ከ2 ጋር ቁቤ የምጽፍበት የላቲን ሰሌዳ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። መቀያየሪያው «ካለህበት ውጣ» ብቻ ነው የሚለው፤ የት እንደነበርክ ካላወቅህ የት እንደምትገባም አታውቅም። ቀጥተኛው ቁልፍ ግን «ወደዚህ ግባ» ይላል።

ሁለተኛው ጉዳይ ፊደላችን ራሱ ነው። 33ቱ ሆሄያት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ የሰሌዳው የላቲን ፊደል ቁልፎች ግን 26 ናቸው። ስለዚህ ተነባቢው ቀድሞ፣ አናባቢው ተከትሎ እየተነካ አንድ ፊደል ይወለዳል። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትሙ 345 የግዕዝ ፊደላትንና ምልክቶችን እስኪመዘግብ ድረስ እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም የራሱን ስውር ቁጥር ይጠቀም ነበር፤ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ የፊደሉ ቅርጽ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም አልባ ምልክት ሆኖ ይቀር ነበር። ዛሬ ጭሮ የተጻፈው አዲስ አበባም ይነበባል።

ዩኒኮድ ያልዳኘው አንድ ነገር ቀረ፤ የጣት ስንፍና። በእኔ ሰሌዳ «ሰ» በቁልፉ አንድ ንኪት ይወጣል፤ «ሠ» ግን ያንኑ ቁልፍ ሁለት ጊዜ ይፈልጋል። ጣት ደግሞ ወደ ቀለለው ያደላል። ግዕዙ ግን ይለያቸዋል፦ «ሠረቀ» ማለት ወጣ፣ በራ ማለት ነው፤ «ሰረቀ» ግን የሌባ ነው። «ምሥራቅ» የተወለደው ከብርሃኑ ነው። «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ፣ «ሰአለ» ለመነ። እኛ በምሥራቅ የምንኖር ሰዎች የመኖሪያችን ስም ከፀሐይ ወደ ሌባ ሲዛወር ዝም ብለን ማየት የለብንም ብዬ፣ ዎርድ በሚባለው ፕሮግራም የራስ ማረሚያ ሰንጠረዥ ውስጥ ቃላት መመዝገብ ጀመርኩ። «ምስራቅ» ሲጻፍ «ምሥራቅ»፣ «አመት» ሲጻፍ «ዓመት»፣ «ህግ» ሲጻፍ «ሕግ» እንዲሆን።

መሣሪያው ግን ለእንግሊዝኛ የተሰፋ ልብስ ነው። የሚያርመው ሙሉውን ቃል እንጂ በውስጡ ያለውን አይደለም። አማርኛ ደግሞ «በ»ን፣ «ከ»ን፣ «የ»ን፣ «ለ»ን ከቃሉ ጋር ይሰፋቸዋል። ስለዚህ «ምስራቅ»ን መዝግቦ ማረፍ የለም፤ «በምስራቅ»፣ «ከምስራቅ»፣ «የምስራቅ» እያሉ ለእያንዳንዱ መስመር መክፈት ነው። አንዲት ቃል ቤተ ዘመዶቿን ሁሉ ይዛ ትመጣለች።

ሆን ብዬ ያልመዘገብኳቸውም አሉ። «ሰረቀ» አንዱ ነው። እርሱን ወደ «ሠረቀ» የሚያርም ኮምፒውተር በሬው የተሰረቀበትን ገበሬ «በሬዬን ሠረቀ» ያሰኘዋል፤ በሬውም እንደ ጀምበር ይወጣል። የሰው ስምም አልመዘገብኩም። መታወቂያው ላይ «ሀይሉ» የተባለ ሰው በማመልከቻው «ኃይሉ» ሆኖ ቢገኝ፣ ቋንቋውን ያከበርኩ መስሎኝ ሰውየውን ከገዛ መዝገቡ እለየዋለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚህ ግን የፈሰሰውን የሚለቅመው ሌላ ሰው ነው።

ማሳጠር ለእኛ እንግዳ አይደለም። «ዓ.ም.»፣ «ፍ/ቤት»፣ «ወ/ሮ» እያልን ኖረናል። በድጓ ከቃላቱ በላይ በደቃቅ የሚጻፉት የዜማ ምልክቶች አንድ ሁለት ፊደል ሆነው ሙሉውን ዜማ ለሊቁ ያስታውሱታል። በዐረብኛም የነቢዩ ሙሐመድ ስም ሲጠራ የሚከተለው የሰላምታ ሐረግ በሙሉ በዩኒኮድ በአንድ ምልክት ተመዝግቧል። ልብ በሉ፦ እነዚህ ሁሉ ያሳጠሩት አንባቢው አስቀድሞ በልቡ የያዘውን ነው።

ይህን በደንብ የተረዳሁት አንዲት እናት ወደ ዐረብ አገር ስለ ሄደና ድምፁ ስለ ጠፋ ልጃቸው ሲያጽፉኝ ነው። የማመልከቻው መግቢያና «በትሕትና አመለክታለሁ» የሚለው መደምደሚያ እያንዳንዳቸው በሁለት ፊደል ይወጡልኛል። መካከሉንም ቢሆን፣ ይህ ዓይነቱ ጉዳይ በአገራችን ብዙ ነውና፣ ስምና ቀን ብቻ የሚሞላበት አድርጌ አዘጋጅቼው ነበር። እርሳቸው ግን በኦሮምኛ፣ «ልጄ፣ ሆጃውን ሳይጠጣ እንደ ወጣ ጻፍልኝ» አሉኝ። ሆጃ ከቡና ገለባ በወተት የሚፈላው የአገራችን መጠጥ ነው።

«እማማ፣ ለመሥሪያ ቤቱ ይህ ምን ያደርግለታል?» አልኳቸው።

«ለእነሱ ምንም። የእኔ ልጅ መሆኑ ግን በምን ይታወቃል?»

ጻፍኩት፤ ፊደል በፊደል፣ ተነባቢውን ከአናባቢው እያጣመርኩ። ቀኑንና የይለፍ ቁጥሩን ከዚህ በፊት ብዙ ጊዜ ጽፌ ነበር፤ ያችን ዐረፍተ ነገር ግን ጣቶቼ ከዚያ በፊት አያውቋትም። ማመልከቻውን ጨርሼ ሳነብላቸው፣ የመግቢያውንና የመደምደሚያውን ክብር የተሞላ አማርኛ በትዕግሥት አሳለፉት፤ ሆጃው ጋ ስደርስ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከዚያ ወዲህ የመካከሉን ቅጽ ከሰንጠረዡ አወጣሁት። መግቢያው አለ፣ መደምደሚያው አለ፣ ምሥራቅም ከነዘመዶቿ በቦታዋ አለች። ለሰው ጉዳይ ግን አቋራጭ ቁልፍ አልሰጠሁትም። እርሱን ጣቴ ይልፋበት፤ ያ ልፋት ነው የማዳመጫ ጊዜዬ።